እናቴ ያላለችው ቃል

ባለፈው ሳምንት ጎመን እየከተፍኩ ሳለ ጎረቤቴ ሰብለ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች። ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እትዬ አልማዝ፣ ምናልባት ሜሮን ከደወለችልዎ አባቷ ደህና ነው ይበሏት። አደራዎን» አለችኝ።

ሜሮን የሰብለ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ጎንደር ነው የምትማረው። አባቷ አቶ ግርማ አልጋ ላይ ከዋለ ወር አልፎታል። ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ መልሰውታል። ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት ስለኖርኩ፣ ሐኪም እንዲህ ያለውን በሽተኛ ወደ ቤቱ ሲመልስ ምን ማለቱ እንደሆነ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም።

«ፈተና ላይ ናት፣ እስክትጨርስ ብቻ ነው» አለች ሰብለ። ከዚያ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱ ራሱ ነው አትንገሯት ያለው» አለችኝ።

እሺም እንቢም ሳልላት ወጣች። ጎመኑን እንዳለ ተውኩትና ተቀመጥኩ። ይህን ቃል፣ «እሱ ራሱ ነው ያለው» የሚለውን፣ እኔ አውቀዋለሁ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ እዚሁ ኮልፌ ውስጥ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው የሰማሁት።

ያን ጊዜ ጅማ ነርስነት እማር ነበር። በዓመት አንዴ፣ በሐምሌ፣ አጭር ዕረፍት ይሰጡናል። ዕረፍት ማለት ለእኔ እናቴ ማለት ነበር። ለእሷም አንድ ልጇ ነበርኩ። አባቴ አጠና ይነግዱ ነበር፤ ግቢያችን ሁልጊዜ ገና የተላጠ የባሕር ዛፍ ይሸታል፤ እናቴም ከዚያ ልጣጭ ላይ ተቀምጣ ጎረቤቱን ሁሉ ስታስቅ ትውላለች። ቁጡም ነበረች። ስትቆጣ ግን የሚፈራት ሰው አልነበረም፤ ተቆጥታ ስትጨርስ የሚበላ ነገር እንደምትሰጥ ሁሉም ያውቃል።

ጅማ ሳለሁ ከሰፈራችን ቡና ሊጭን በሚመላለስ ሹፌር በኩል ስንቅ ትልክልኝ ነበር፤ አንዳንዴ በሶ፣ አንዳንዴ ዳቦ ቆሎ። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ የመጣው ዳቦ ቆሎ ጨው በዝቶበት ነበር። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ቀምሰው ሳቁብኝ። እኔም ለሹፌሩ፣ «እማዬን፣ ዘንድሮ ጨው ረከሰ እንዴ በልልኝ» ብዬ ላኩት። ሰውዬው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ፣ «እነግራታለሁ» አለኝ። ቀጥሎ የመጣው ጨው የሚባል ነገር አልነበረውም። መልእክቴ ደርሷት ተቆጥታ ነው ብዬ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ለዕረፍቱ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። በክረምት የጅማ መንገድ መንገድ አይባልም። ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ኩታ ያስጥላል፤ ሽቅብ ወጥተን ወሊሶ ስንደርስ ብርዱ መልሶ ያስለብሳል። በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ሙዝና ብርቱካን ይሸጣል። እኔ ለእናቴ አንድ እጅ ሙዝ ገዛሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የበለጠው ስጦታ ነበር፦ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት። የምታስተምረን ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለእኔ ትታልኝ ነው። እናቴ ጉልበቷን በክረምት ስለሚያማት፣ ማታ ማታ ታቅፋው ትተኛለች ብዬ መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ።

አየር ጤና ወረድኩ። ያኔ እዚያ ከፌርማታው ሌላ ሜዳና ባሕር ዛፍ ነው ያለው። ሌላ ጊዜ እናቴ ናት ዝናብ ቢዘንብም ቆማ የምትጠብቀኝ። የዚያን ቀን ግን ጃንጥላ ይዛ የቆመችው ጽጌ ነበረች። ጽጌ አብሮ አደጌ ናት፤ ግቢያችን በአንድ አጥር ነው የሚለየው፤ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፤ ፈጣሪ ሳይሰጠኝ የቀረውን እህት በእሷ ነው የተካሁት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

«እማዬስ?» አልኳት።

«ጸበል ሄደዋል፤ ሸንኮራ ዮሐንስ። ጉልበታቸው አላስቀምጥ ብሏቸው። አባባም አብረው ሄደዋል። ከነገ ወዲያ ይመጣሉ።»

«እኔ እንደምመጣ እያወቀች?»

ጽጌ ሳቀች። «እንደውም ሲሄዱ ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ? ‹ያቺ ሆዳም ስትመጣ ቀዩን ዶሮ እንዳትነካብኝ። እኔ መጥቼ ነው የሚታረደው› ብለዋል።»

እኔም ሳቅሁ። የእናቴ አነጋገር ነው፤ ድምፅዋ ሳይቀር ተሰማኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

በጋሪ ጭቃውን እያቦካን ኮልፌ ገባን። ቤታችን ጣራው እያፈሰሰ ስለሆነ እነሱ ጋ እንደማድር ነገረችኝ። ይህም የሚታመን ነበር፤ ጣራችን በየክረምቱ ያፈሳል። የጽጌ እናት እትዬ አሰገደች እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። እምቢ ብላቸው፣ «ተይኝ እስቲ፣ ልጄ አይደለሽ?» አሉኝ። ጎመን በሥጋ ቀረበ። እያጎረሱኝ ጎረቤቶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ይስሙኛል፣ ደግመው ይስሙኛል፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ይወጣሉ። እንዲህ የምወደድ አይመስለኝም ነበርና ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ለፈለፍኩ። የፈረንጇን የነርሶች ኃላፊ አረማመድ አሳየኋቸው፤ በአማርኛ ስትቆጣን ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እንዴት እንደምታደርግ አስመስዬ ነገርኳቸው። እትዬ አሰገደች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ «ጭሱ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ጭስ አልነበረም። አሁን ነው የማስታውሰው።

ሲመለሱ ሻንጣዬን ከፍቼ የጎማውን ከረጢት አወጣሁ። ሙቅ ውሃ አስመጥቼ ሞላሁትና፣ «ለእማዬ ነው፤ እንዲህ ነው የሚደረገው» ብዬ በእትዬ አሰገደች ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት እጃቸውን በከረጢቱ ላይ ጫኑ።

«ይሞቃል አይደል?» አልኳቸው።

«ይሞቃል ልጄ» አሉኝ። «ይሞቃል።»

ጽጌን ደግሞ ጸጉሬን እንድትሠራኝ ለመንኳት። እናቴ ጸጉሬ ተንጨብርሮ ካየችኝ ትቆጣለች። እንደ ጽጌ አሳምራ ሹሩባ የምትሠራ ሴት በሰፈሩ አልነበረችም። የዚያን ቀን ግን አንዱን መስመር ሠርታ ታፈርሰዋለች፤ እንደገና ትጀምራለች።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ብርዱ ነው» አለችኝ፤ ከዚያም እናቴ በግንቦት አንዱን አጠና ገዢ እንዴት አድርጋ እንዳባረረችው አንድ ወሬ አነሳች። ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷም ከኔ ጋር ሳቀች።

ሊነጋጋ ሲል የብዙ ሰው እግር ጭቃ ውስጥ ሲረግጥ ሰማሁ። የአንድ ሰው ሳልም ተሰማኝ። ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። አባቴ እግርጌዬ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ ጺማቸውም አድጓል። ጸበል ቦታ ሁለት ቀን ያደረ ሰው ጺም አልነበረም። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ የሰው ልጅ ነሽና ቻይው። እናትሽ አርፈዋል» አሉ።

የመጀመሪያው ቃሌ ለቅሶ አልነበረም። «መቼ?» ነው ያልኩት።

ደግሜ ጠየቅኩ። አባቴ ናቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ» ያሉት።

ሦስት ወር። ተቀብራለች፤ አርባዋ ወጥቷል፤ ተዝካሯ ተበልቶ ድንኳኑ ተነቅሏል። ቀዩ ዶሮ፣ ጸበሉ፣ የግንቦቱ አጠና ገዢ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሴ ላይ ወደቁ። በሰዎቹ ትከሻ መካከል ጽጌን ፈለግኋት። በሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት፤ ለእናቴ ይሁን ለእሷ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የለቅሶ ወግ ነው። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ፤ ከልባቸው ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ገሚሶቹ ገበያ ሄዱ። የእነሱ ኀዘን የሦስት ወር ነው፤ የእኔ የአንድ ጠዋት። በማግስቱ አባቴ አንድ የመጣ ሰው በነገራቸው ነገር ፈገግ ሲሉ አየሁና ወጥቼ ከአጠናው ክምር ጀርባ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ያለቀሰውን እንባ እኔ ብቻዬን ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፤ የሚያስተዛዝነኝ ሰው ሁሉ ደግሞ ቀድሞኝ ተጽናንቷል። ቀራንዮ መድኃኔዓለም መቃብሯ ጋ ስንሄድም ሣር በቅሎበት ነው ያገኘሁት።

በሦስተኛው ቀን አባቴን ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ታማ ነበር?»

«ሳምባዋን ነው። አንድ ወር ግድም ተኝታለች።»

«አንድ ወር! ታዲያ ለምን አልጠሩኝም? አባባ፣ እኔ እኮ እዚያ የሰው እናት ገላ ሳጥብ፣ የሰው እናት ሳገላብጥ ነው የከረምኩት! የራሴን ማን አገላበጠ?»

አባቴ መሬት መሬት እያዩ መለሱልኝ። «እሷ ራሷ ናት ያለችው። ‹ልጄን ከትምህርቷ እንዳታስነሱብኝ፤ ብሞትም ዓመቱን እስክትጨርስ አትንገሯት› ብላ አስምላናለች። እኔንም፣ ጽጌንም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምቆጣበት ሰው ነበረኝ። ከዚያ በኋላ ግን ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። ከከዱኝ ሰዎች መጀመሪያዋ እናቴ ሆነች። እሷን ደግሞ እንዴት አድርጌ ልውቀሳት? ቁጭ ብዬ ጽጌ የሠራችልኝን ሹሩባ በጥፍሬ ስፈታ ራሷ መጥታ ልትረዳኝ እጇን ዘረጋች። ገፋኋት።

«ዳቦ ቆሎውንም አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«መሐላውን ተይው። አትንገሪያት ተብለሽ አልነገርሽኝም፤ ይሁን። ዶሮውን እንዳትነካብኝ ብለዋል ያልሽኝስ? ያንንም እሷ አስምላሽ ነው?»

ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። «ያ ከራሴ ነው። ‹እማዬስ› ስትዪኝ ዝም ብል እንደማለቅስ አወቅኩ። አንድ ቃል ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ መቆም አቃተኝ። ስትስቂ ደስ አለኝ፣ አልሜ። አንድ ቀን እናት ይኑራት ብዬ ነው።»

«ማን ለመነሽ?» አልኳት።

ዕረፍቴን ሳልጨርስ ተመለስኩ። ጽጌ ፌርማታው ድረስ በዝናብ ተከትላኝ መጣች፤ አውቶቡሱ እስኪነሳ ቆመች፤ እኔ በሌላው መስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ትምህርቴን ጨረስኩ፤ እናቴ እንደፈለገችው። ከጽጌ ጋር ከዓመታት በኋላ ሰላምታ ጀመርን። ሠርጓ ላይ ተጠርቼ ሄጃለሁ፤ ልጆቿን ከትቤአለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ግን ስለ እናቴ አንድ ነገር በነገረችኝ ቁጥር፣ «እትዬ እንዲህ ይሉ ነበር እኮ» ባለች ቁጥር፣ እውነት እናቴ ብላው ይሆን ወይስ ጽጌ ፈጥራው ይሆን እያልኩ መጠራጠሬን መተው አልቻልኩም። መሞቷን ለሦስት ወር መደበቃቸውን ይቅር ብያለሁ። ጽጌ በእናቴ አፍ መናገሯን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ብዙ የሚያምሩ የእናቴ ቃላት እንዲሁ ተበላሽተውብኛል።

ሰብለ የወጣች ዕለት ማታ ለሜሮን ራሴ ደወልኩላት። ስለ በሽታው አንድም ነገር አልነገርኳትም። «ነይ፣ አባትሽ ሳይደክም ድረሺ» ነው ያልኳት። ልጅቷ ስልኩን ዘጋችው። ሰብለ ይህን ካወቀች ወዲህ ሰላምታ የለንም። በአደራ የነገረችኝን አፍርሻለሁና አልፈርድባትም። ምናልባት ልጅቷ ፈተናው አልፏት ዓመቱን ትደግም ይሆናል፤ ምናልባትም እሷው ራሷ አንድ ቀን ትወቅሰኝ ይሆናል። አስቤበት ነው ያደረግኩት።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ሜሮን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ቤታቸው በሩጫ ስትገባ አየኋት። ወዲያው የአቶ ግርማ ድምፅ በመስኮት በኩል መጣ፤ የደከመና በሳል የሚቆራረጥ። «ማን ጠራሽ? ፈተናሽን ጥለሽ? ማነው የጠራሽ ነው የምልሽ!» ልጅቷ እያለቀሰች ትስቃለች። እሱ አያቆምም፤ ይቆጣል፣ ያስላል፣ ደግሞ ይቆጣል። እርጥቡን አንሶላ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ አዳመጥኩት።

እናቴም እንዲሁ ነበር የምትሆነው። ሳታስበኝ ከተፍ ብልባት ኖሮ ሰፈሩ እስኪሰማ ትቆጣኝ ነበር። ከዚያ ሲደክማት ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ትለቅልኝ ነበር።