አክስቴን የከለከልኳት ውሃ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት! አሁን ግን መሸከሙ ደከመኝ፤ እናንተ ስሙኝ። አክስቴን ውሃ ከለከልኳት፤ ሞተች።

ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። ዕለቱ ስቅለት ነው። ከአትላስ ሆቴል ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ቤታችን ማልዳ ወጥታ፣ ጠብታ ውሃ ሳትቀምስ፣ ሰባ ዓመቷን ተሸክማ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፀሐይ ላይ ስትሰግድ ዋለች። የዚያ ሰሞን ሙቀት ለብቻው ነበር። ሌሎቹ አሮጊቶች ጥላ ፈልገው ሲቀመጡ እቴቴን "እረፊ" አላልኳትም። እንዲያውም ሰው ሲያደንቃት ደስ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደግፌ ቤት አስገባኋት። ገላዋ እሳት ነው፣ ላቧ ደርቋል፣ እኔን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራኛለች። ታዲያ ምን አደረግኩ? ምች ነው አልኩ። ንፋስ እንዳይመታት በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ፤ ጋቢ ደራረብኩባት፤ ዳማከሴ አሽቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። በዚያ በጋለ ቆርቆሮ ሥር እንደ ድፎ ዳቦ አፈንኳት።

"ውሃ" አለች። ሰማኋት።

"እቴቴ፣ ስግደቱ እስኪያልቅ ትንሽ ታገሺ፤ ጾምሽ አይፍረስ" አልኳት። ደግማ ለመነችኝ። እኔም ደግሜ ከለከልኳት።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጆግ ሙሉ ውሃና እርጥብ ፎጣ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ኧረ ይሄን ጋቢ አንሳላት! መስኮቱን ክፈተው። ለታመመ ሰው ይፈቀድ የለም እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ "በእኛ ጾም እርስዎን ምን አገባዎት?" አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በልጅነቴ ስንቴ ላበሉኝ ሴት። ጆጋቸውን ይዘው ተመለሱ።

ታክሲ ፍለጋ የወጣሁት መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው። ሐኪሙ ሙቀት እንደጣላት ነገረኝ። እንደወደቀች ልብሷን አቅልለን፣ ገላዋን በውሃ አቀዝቅዘን፣ ቶሎ ብናመጣት ኖሮ ልትተርፍ ትችል ነበር አለ። አመሻሹ ላይ አረፈች።

ለቀስተኛው "ታድላ፣ በስቅለት!" እያለ አጽናናኝ። አንገቴን ደፍቼ "አሜን" አልኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ሰምተውኛል። እሳቸውን እንኳ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

አላወቅኩም ነበር ልበል? ሙቀት ሰው እንደሚገድል አላወቅኩም። ጥምን ግን አውቀው ነበር። ያን ዕለት ረፋድ ላይ፣ እሷ ስትሰግድ፣ እኔ ፀሐዩ ቢብስብኝ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ከአንድ ሱቅ የታሸገ ውሃ ገዛሁ። ግድግዳ ተከልዬ እስከ ጠብታዋ ጨለጥኩት፤ አፌን ጠርጌም አጠገቧ ተመልሼ ቆምኩ።

የራሴን ጾም አፍርሼ፣ የእሷን እስክትሞት ድረስ ጠበቅኩላት።