አራት ዓረፍተ ነገር ይዤ ወደ ሐዋሳ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

«አሁን ይወጣል» ከተባለ አርባ ደቂቃ ያለፈው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ረዳቱ አሁንም «ሐዋሳ! ሐዋሳ! አንድ ሰው!» ይላል። ያ አንድ ሰው ስቆጥረው ስድስት ሆኗል። ጉልበቴ ላይ ደብተር አለ፤ ደብተሩ ላይ አራት ዓረፍተ ነገር። መንገድ ያስወጡኝ እነሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከመዝገበ ቃላት ነው። አሁን የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የጻፍኩትን ሐዋሳ ያሉት ጋሽ ታምራት በድምፃቸው ይተርኩታል። ጀግናውን፣ ሚስቱን፣ ገዳዩን፣ ሁሉንም ሆነው የሚናገሩት ብቻቸውን ነው። ከዚያ በሲዲ ተባዝቶ ቪዲዮ ቤትና አውቶቡስ ውስጥ ይገባል።

ሰሞኑን የያዝነው ስምንት ክፍል ያለው የጠፈር ፊልም ነው፤ ከተማ የምታህል መርከብ ውስጥ የተዘጋባቸው ሰዎች ታሪክ። ክፍል ሦስት ላይ ኒሪ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቅ ትላለች። የወጥ ሠሪው ልጅ ናት፤ ያየችውን ሁሉ ትቆጥራለች። ትልልቆቹ ተስፋ የቆረጡበትን በር እያየች እንዲህ ትላለች፦ «በሩ በየአሥራ ሦስት ደቂቃው ለአፍታ ይከፈታል። አባቴ ተበላሽቷል ይላል። አልተበላሸም። ማንም አልቆጠረም እንጂ።» ከዚያ በኋላ አትታይም። ክፍል ስድስት ላይ ግን ሕዝቡ ሁሉ የሚያመልጠው «ያቺ ልጅ በነገረችን ቁጥር» ነው።

ባለፈው ሳምንት ለማባዛት የተዘጋጀውን ክፍል ሦስት ሰማሁት። ኒሪ አፏን ስትከፍት ጋሽ ታምራት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሕፃኗ ራበኝ እያለች ነው።» ደወልኩላቸው። «እሺ፣ አስተካክለዋለሁ» አሉ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜ እሺ። ነገ ጠዋት ይባዛል። ዛሬ ካልታረመ ኒሪ በአማርኛ እንደራባት ትቀራለች።

3 ሰዓት ተኩል፣ ዝዋይ

ለቁርስ ቆመናል። «ሃያ ደቂቃ» ተብሎ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሾፌሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማዩን ያያል። አጠገቤ የተቀመጡት ባለ ኮፍያ ሰውዬ ዓሣቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለሥራ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ሥራ?»

«አራት ዓረፍተ ነገር ለማስመለስ።»

ትንሽ አሰቡ። «ይግባኝ ነው?»

«እንደዚያ በሉት» አልኳቸው።

6 ሰዓት ከሩብ፣ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ

ባጃጁ ያወረደኝ ከአንድ ግቢ በር ላይ ነው። ስቱዲዮ የሚባለው አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል፣ መስኮቱ ላይ ፍራሽ ተደግፏል። ድምፅ የሚቀዳው ማርቆስ ገመድ ይጠቀልላል።

«ጋሼ የሉም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርደዋል።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ለድምፃቸው ነዋ። የዓሣ ሾርባ ሳይጠጡ ማይክ አይነኩም።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲጠግቡ።» ቀጥሎ፣ ገመዱን ሳይለቅ፣ «መብራት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ዛሬ ፈረቃው የእኛ ሰፈር ነው» አለኝ።

7 ሰዓት፣ አሞራ ገደል

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት የሚጣልበት ቦታ ላይ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈዋል። መረብ፣ ጭስ፣ ቢላዋ፣ የሚንሸራተት ድንጋይ። ጋሽ ታምራት አግዳሚ ወንበር ላይ ሾርባቸውን ይምጋሉ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ርቧት አይደለም።»

«መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል።»

«እንደምን ዋሉ። ልጅቷ ርቧት አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣ አባቷ ጭልፋ ይዟል። እሷ ፊቱ ቆማ ትለፈልፋለች። ምን ልትል ነው ታዲያ?»

«ጽፌልዎታለሁ እኮ! ገጽ አሥራ አንድ!»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሾርባ ፈሰሰበት። አልነበብ ሲለኝ ከራሴ ሞላሁት። ይኼ ያናድዳል?»

ሁለተኛ ሳህን አዘዙ።

10 ሰዓት፣ ስቱዲዮ

አልጀመርንም። ከአጥሩ ማዶ መዘምራን ይለማመዳሉ፤ አንዲቷን መዝሙር አሁንም አሁንም ከመጀመሪያው ያነሷታል። ማርቆስ አብሮ ያንጎራጉራል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

11 ሰዓት ከሩብ

መዘምራኑ ተበተኑ። ጋሽ ታምራት ማይክ ያዙ። መጀመሪያ ጥርስ እንዳላበቀለ ሕፃን ተኮላተፉ። ቀጥሎ አለቀሱ። ቀጥሎ እንደ ሙሽራ ተሽኮረመሙ። ስድስተኛው ሙከራ ላይ «በሩ ተከፈተልን፣ እልል!» የሚል ጨመሩ።

«እልል የለም!» አልኩ።

«ሕፃን አይደለች? ትንሽ ካልቀለድኩባት ሰው ይሰለቻል።»

አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል። እኔ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልጮኽኩም። ማይኩ አጠገብ ቆሜ፣ ደብተሬን ሳላይ፣ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

«አትቀልድም። አታለቅስም። ያየችውን ነው የምትናገረው። በሩ በየአሥራ ሦስት ደቂቃው ለአፍታ ይከፈታል። አባቴ ተበላሽቷል ይላል። አልተበላሸም። ማንም አልቆጠረም እንጂ።»

ማርቆስ መቅጃ ማሽኑን አላጠፋውም ነበር።

«በቃ» አሉ ጋሽ ታምራት። «ይቺ ናት ልጅቷ።»

«እኔ ወንድ ነኝ እኮ!»

«እኔስ? እስከ ዛሬ ሙሽሮቹን ሁሉ የማናግራቸው እኔ አይደለሁ?»

ማርቆስ የተቀዳውን ከኒሪ ከንፈር ጋር አገጣጠመው፤ ሳቀ፤ አስቀመጠው። መብራት ሄደ።

ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ትናንት ሲባዛ ቆሜ ጠበቅኩ። እልሉን መልሰው እንዳይከቱብኝ ፈርቼ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች የሚወስዱት ሾፌሮች ናቸው፤ ስለዚህ ሻሸመኔን እንዳለፍን ከፊታችን ያለው ቴሌቪዥን በራ። አጠገቤ አንዲት እናትና ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጇ ተቀምጠዋል።

ኒሪ ተናገረች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ውይ፣ ምነው ድምጿ ጎረነነ?» አሉ እናትየዋ።

«እማዬ፣ ዝም በይ። እየቆጠረች እኮ ነው» አለች ልጅቷ።

ከዚያ የእናቷን የእጅ ሰዓት ይዛ ቁጭ አለች። እናትየዋን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፊልሙ ቀጠለ፤ ጋሽ ታምራት ይገድላሉ፣ ይሞታሉ፣ ያፈቅራሉ። ልጅቷ ግን ሰዓቱን ብቻ ታያለች። በመጨረሻ በቁጣ ቀና አለች።

«አሥራ ሦስት ደቂቃ አለፈ። በሩ የታለ?»

ድምፄ እንዳያጋልጠኝ ዝም ልል ነበር፤ ግን ልክ ያልሆነ ነገር ይዛ እንድትሄድ አልፈለግሁም።

«ክፍል ስድስት ላይ ነው የምታዪው» አልኳት ቀስ ብዬ።

ቴሌቪዥኑን አየች። እኔን አየች። እንደገና ቴሌቪዥኑን። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ለእማዬ አልነግራትም» አለችኝ።