ለመጨረሻው ምዕራፍ የተላከ ሽማግሌ

መምህር ደመላሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሰው ማዳመጥ ሆኗል። እህታቸውን ልጠይቅ እያሉ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ይመላለሳሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከእህታቸው ይልቅ የሚናፍቃቸው የሚኒባሱ ወሬ ነው። የዚያን ዕለትም ከሹፌሩ ጎን ተደላድለው እንደተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ስኳር የሞላ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ አዲስ ጃንጥላ በብብቱ ሸጉጦ አጠገባቸው ተጣበቀ።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም? ባለ ጃንጥላው ኸድሩ ነኝ እኮ።»

«አወቅኩህ እንጂ! የሸጥክልኝን ጃንጥላ ገና በመጀመሪያው ዝናብ ነፋስ ገለበጠው።»

«እሱ የነፋሱ ጥፋት ነው» አለ ኸድሩ ምንም ሳያፍር።

«ደግሞ ለብሰህ ተኳኩለህ ወዴት ነው? ሰርግ አለ?»

«ሰርግ ቢሆን ምን ገዶኝ! ፈቃድ ልለምን ነው። ቢከለክሉኝ መጽሐፌ ዳግመኛ አይታተምም።»

መምህር ደመላሽ ጆሯቸው ቀጥ አለ። መንገዱ ረጅም፣ ሰውየው ደግሞ ተናጋሪ። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ኸድሩ ዲላ ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን የጃንጥላና የዝናብ ልብስ ሱቅ ወርሷል። ያ ሱቅ በረንዳው ሰፊ ነው፤ ሰማዩ በተቆጣ ቁጥር መንገደኛ ሁሉ እዚያ ይጠለላል። ጃንጥላ የሚገዛ ግን ከስንት አንድ ነው። እንደ ኸድሩ አባባል ዝናብ ያስጠለለው ሰው ለማያውቀው ሰው ምስጢሩን ይዘረግፋል፤ እሱም ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ እየሰማ፣ እየሰማ፣ በመጨረሻ ልብ ወለድ ወጣው። «የዝናብ ደንበኛ» ይባላል። አንዲት ቆንጆ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ አንድ ሱቅ ትመጣለች፣ ትጠለላለች፣ ምንም ሳትገዛ ትሄዳለች፤ ባለ ሱቁ በፍቅሯ ያልቃል። በራሱ ወጪ አሳተመው፤ ሽፋኑ ላይም የሱቁን የጃንጥላ ዓርማ አስለጠፈ።

ችግሩ ኸድሩ መጽሐፉ ሳይወለድ ሌባው የታየው ሰው መሆኑ ነው። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውን በሽፋኑም፣ በጀርባውም፣ በየገጹ ግርጌም አስጻፈ፤ ፍቅረኞቹ በሚሳሳሙበት ገጽ ሳይቀር። ይህም አላስተኛው። ከተማው ፎቶ ኮፒ ቤት በፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ለመላው ዶርም ያባዛል። ስለዚህ አስቦ አስቦ አንድ ዘዴ አመጣ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጭራሹን አላሳተመም።

«አላሳተምክም ስትል?» አሉ መምህር ደመላሽ።

«መጨረሻ ገጹ ላይ፣ "ፍጻሜውን ለማወቅ መጽሐፉን ይዘው ወደ ደራሲው ሱቅ ይምጡ" የሚል ጻፍኩ። በየአንዳንዱ መጽሐፍ ላይ በሐምራዊ ቀለም ማኅተሜን መትቻለሁ። ሐምራዊ ማኅተም ያለውን ይዞ ለመጣ በቃሌ እነግረዋለሁ፤ በፎቶ ኮፒ የጠቆረውን የያዘው ወደመጣበት ይሄዳል። ወረቀት ይገለበጣል ጋሼ፤ አፌን ግን ማን ፎቶ ኮፒ ያደርገዋል?»

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት መሪውን ደበደበ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠመረ። ሰው መጽሐፉን ይዞ እየመጣ ከባንኮኒው ፊት ይሰለፋል፤ ኸድሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቆንጆዋን በሳንባ ምች ይገድላታል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ያፏጫሉ። ጃንጥላ የሚገዛ ግን ጠፋ፤ ያለቀሰ ሰው ምን ይገዛል? ባለቤቱ ረህማ ታግሳ ታግሳ አንድ ቀን ፈነዳች። «በየቀኑ ገድለሃት ገድለሃት ሱቁን ለቅሶ ቤት አደረግኸው እኮ! ነገ ደግሞ ንፍሮ ልቀቅልላቸው?»

በዚህ መሃል ከተባዙት ቅጂዎች አንዱ ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ኮንጋ ደረሰ።

ኮንጋ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለ። የታጠበው ቡና በረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ይሰጣል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውንና የተበላሸውን ሲለቅሙ ይውላሉ። እጅ እንጂ ጆሮ ሥራ የለውም። ስለዚህ ሀሌሉያ የምትባል ልጅ፣ ድምፅዋ የጎላ፣ አንደበቷ የተሳለ፣ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች፤ ድርሻዋን እነሱ ይለቅሙላታል። «የዝናብ ደንበኛ»ን ጀምራ ስታነብ ለቃሚዎቹ ምሳ እስኪረሱ ድረስ አዳመጡ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ፣ ወደ ሱቅ ይምጡ!

«ምን ይላል ይሄ ሰው? መጨረሻ ለመስማት ዲላ ድረስ?» ብለው ተነሱባት። «አንቺ ጨርሺው!»

ሀሌሉያም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጨረሰችው። በእሷ ፍጻሜ ቆንጆዋ አትሞትም። ከባለ ሱቁ ፊት ለፊት የራሷን የጃንጥላ ሱቅ ትከፍታለች፤ ደንበኛውን አንድ በአንድ ትነጥቀዋለች፤ አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ የእሱ ጣሪያ ያፈሳል፣ እየሮጠ መጥቶ በእሷ በረንዳ ይጠለላል፤ እሷም ቀና ሳትል፣ «የሚገዙት ነገር አለ ጌታዬ፣ ወይስ እንዲሁ ነዎት?» ትለዋለች። አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከለቃሚዎቹ አንዷ በስልኳ ቀርጻው ኖሮ በቴሌግራም ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ ኸድሩ ሰላም አላገኘም። ሐምራዊ ማኅተም ያለውን መጽሐፍ የያዙት ሳይቀሩ የሳንባ ምቹን ሰምተው ፊታቸውን ያጨማድዱ ጀመር። አንዲት እናት ደግሞ ጣታቸውን ቀስረውበት፣ «አንተ ልጅ፣ ከኮንጋዋ ሰርቀህ ነው ያበላሸኸው!» ብለው ሄዱ።

«እኔ! የገዛ መጽሐፌን!» አለ ኸድሩ፣ አሁንም ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ትንፋሽ እያጠረው። መጽሐፍ ሻጮቹም ለሁለተኛው እትም፣ የኮንጋው ፍጻሜ ከሌለበት አንቀበልም አሉት። ይባስ ብላ ረህማም እሱኑ ወደደችው።

ሲጨንቀው ታሪኩ የሚባለውን ጎረቤቱን ጠበቃ ሱቁ ጠርቶ አማከረው።

«ድርሰቱ ከጻፍክበት ሰዓት ጀምሮ ያንተ ነው» አለው ታሪኩ። «ማኅተምም፣ በየገጹ መፈክርም አያስፈልግህም። ብታስመዘግበው ለክርክር ቀን ማስረጃ ይሆንሃል።»

«የጃንጥላ ዓርማዬስ?»

«እሱ የንግድ ምልክት ነው። ሕጉም መዝገቡም ሌላ ነው፤ ለብቻው ታስመዘግበዋለህ።»

«ስንት መዝገብ ነው አገሩ ያለው! እሺ፣ የኮንጋው መጨረሻስ?»

«እሱማ የልጅቷ ነው።»

«በአፏ ያወራችው?»

«አፍ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ተቀርጿል አላልከኝም? የተቀረጸ እንደ ተጻፈ ነው።»

«ገጸ ባሕርያቱ ግን የእኔ ናቸው!»

«ናቸዋ። ስለዚህ እሷም ያላንተ ፈቃድ ልታሳትመው አትችልም፤ አንተም ያለ እሷ። እንደ ባልና ሚስት ናችሁ፤ አንዳችሁ ያለ ሌላው ፊርማ ቤቱን አትሸጡትም።»

ረህማ ከጓዳ ብቅ አለች። «እንደ ምን ናችሁ?»

ይህን ሁሉ ሲያወራ ሚኒባሱ ይርጋጨፌ ደረሰ። ኸድሩ ከወረደ በኋላ ግን አልሄደም፤ መምህር ደመላሽን ክንዳቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ ከሰው ቤት ነገር ሲለመን ብቻ አይኬድም። ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

እህታቸው እንደ ልማዷ ትቆያለች። መምህር ደመላሽ በኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ከኸድሩ ጀርባ ተፈናጥጠው ኮንጋ ገቡ።

የሀሌሉያ አባት አቶ በራሶ ከእንሰቱ ሥር በርጩማ አወጡላቸው፤ ዋሳ የሚሉት ቆጮና ጎመን ቀረበ። ስኳሩና አዲሱ ጃንጥላ መሃል ላይ ተቀመጡ። ሽበታም ሰው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ ስጦታ! ጎረቤት ከአጥሩ ላይ መንጠልጠል ጀመረ። መምህር ደመላሽም ወጉን አውቀዋለሁ ብለው ብድግ አሉ።

«አቶ በራሶ፣ ከደጅዎ የቆምነው የልጅዎን የሀሌሉያን ፈቃድ ለመለመን ነው።»

አቶ በራሶ ኸድሩን ከጫማው እስከ ፀጉሩ ገመገሙት። «ሚስት የለውም?»

«አለችኝ» አለ ኸድሩ ፈጥኖ። «ረህማ ትባላለች። ነገሩን ታውቀዋለች። እንዲያውም እሷ ናት የላከችኝ!»

አጥሩ ላይ የነበሩት በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ። አቶ በራሶ ከዘራቸውን ፈለጉ። መምህር ደመላሽም በዕድሜያቸው እንደዚያ ተርበትብተው አያውቁም፤ «ለመጽሐፍ ነው! ለመጨረሻው ምዕራፍ!» ቢሉ ማን ይስማቸው። ደግነቱ ሀሌሉያ ከማጠቢያው ደረሰች፤ ነገሩን ስትሰማ እስክታነባ ሳቀች።

«አባዬ፣ ከዘራውን አስቀምጥ። ይሄ ሴትዮዋን በሳንባ ምች የገደላት ሰውዬ ነው።»

«እሱ ነው እንዴ?» አሉ ከአጥሩ ላይ አንዲት ለቃሚ። «እንግዲያው ይመታ!»

ሀሌሉያ እፊቱ ተቀመጠች። «ፍጻሜዬን ትፈልገዋለህ?»

«እፈልገዋለሁ እህቴ። ያለ እሱ መጽሐፌ አይወጣም።»

«ስሜ ሽፋኑ ላይ ይውጣ። ካንተ እኩል።»

ኸድሩ ሌላ ነገር ብትጠይቀው ገና ሳትጨርስ እሺ ይል ነበር። ስሙን ግን በየገጹ ሲያጥር፣ በማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው። መምህር ደመላሽ ፊቱ ሲቀላና ሲጠቁር አዩት።

«ከውስጥ ባደርገውስ? በምስጋናው ገጽ... ጎላ አድርጌ...»

«የምስጋና ገጽ ማን ያነባል? እኔ ራሴ ዘልዬው ነው ያነበብኩላቸው።»

«ሽፋኑ ላይ በትንሹስ?»

«እኩል። ደግሞ ሳይታተም በፊት መጥተህ ለለቃሚዎቹ ታነበዋለህ። አንዲት ቃል ለውጠህ ካገኘን ፈቃዱ ይቀራል።»

ኸድሩ አንገቱን ደፍቶ ዋሳውን በጣቱ ነካካ። ከዚያ ቀና ብሎ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሴቶች አያቸው፤ ለመጽሐፉ እንደዚያ የጓጓ ሰው ዲላ ላይ አላየም። «እሺ» አለ። «እኩል።»

ጠበቃው ያዘጋጀለትን ስምምነት አውጥቶ ስሟን በገዛ እጁ ሞላ፤ ፈረሙ። ምስክር ሆነው የፈረሙት መምህር ደመላሽና ከዘራቸውን ያስቀመጡት አቶ በራሶ ናቸው።

ይርጋጨፌ ሲመለሱ ኸድሩ የዲላውን ሚኒባስ ተሳፈረ። መምህር ደመላሽ ግን በመስኮቱ በኩል፣ «ከፋህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«ለምን ይከፋኛል ጋሼ?» አለ ኸድሩ፣ ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቱን አውጥቶ። «ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ እስከ ዛሬ የሚሰርቁት እኔን ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን የሚሰርቁት ሀሌሉያን ነው፤ አላህ ይድረስላቸው!»