በደረቁ የተገጠመ ፍሪሲዮን

ሸምሰዲን ሰበታ ውስጥ የኢሱዙና የሚኒባስ መካኒክ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እጁ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም። የሚስቱን የሬሐናን ሱቅ ዕቃ የሚያመላልስባት ኮሮላ ግን አውቶማቲክ ናት። ካምቢዮዋ ሲበላሽ ዓለም ገና ጋራዥ ላለው ለተክሉ ሰጠው፤ ሰው «ኢንጂነር» የሚለው፣ አውቶማቲክ አዋቂ ነኝ ባይ። ተክሉ ፈታ፣ ገጠመ፣ መለሰ። ሳምንት ሳይሞላ ሞተሯ እየጮኸ አልራመድ አለች።

«አነዳድህ ነው የገደላት» አለው ተክሉ፣ ደንበኛ በተሰበሰበበት። «የኢሱዙ እግር ይዞ አውቶማቲክ! ሂድ፣ ከአሸዋ መኪናህ ጋር ታገል።»

ሰዉ ሳቀ። ሸምሰዲን ኮሮላዋን አስጎትቶ ግቢው አስገባ። «በእጄ ሠርቼ እዚያው ሰው ፊት አፉን ካላስያዝኩት ሸምሰዲን አይደለሁም!» አውቶማቲክ ፈትቶ አያውቅም።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነበር። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ዋናው መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ሱቅም ጋራዥም አልተከፈተም። ቂም ለያዘ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው። በረንዳው ላይ ካርቶን ዘርግቶ ካምቢዮውን ፈታ፤ ሬሐና ሲመልሰው እንዳይሳሳት እያንዳንዱን ዕቃ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ተክሉ የገጠማቸው የፍሪሲዮን ዲስኮች ከስለው ወጡ። «ርካሽ ዕቃ ይሆናል» ብሎ አለፈው። መንገዱ ሳይዘጋ ከሶማሌ ተራ የገዛቸውን አዳዲሶቹን በቤንዚን አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ገጠመ። የኢሱዙ ፍሪሲዮን ዘይት ከነካው ያንሸራትታል፤ እጁ የሚያውቀው ይህን ነው።

ኮሮላዋ ሁለት ቀን በሰፈር ውስጥ መንገድ ሄደች፤ በሦስተኛው ቃጠሎ ሸተተች። ደግሞ ፈታት። ዲስኮቹን ተክሉ ከገጠማቸው ጎን ደረደራቸው፤ መንትያ ናቸው።

«ይሄ እኮ ዘይት ውስጥ ሲዋኝ የሚኖር ነገር ነው» አለች ሬሐና፣ ከካምቢዮው የተቀዳውን ባልዲ ሙሉ ዘይት እያየች። «ምን ሆነህ አደረቅከው?»

ሸምሰዲን ግንባሩን መታ። ከዚያ ደስ የማይል ፈገግታ ፈገግ አለ። «እሱም አድርቆታል!»

ፉሪ ያለው ወዳጁ አህመድ ለመለዋወጫ ያስቀመጠው የኮሮላ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበረው። በእግሩ ሄዶ ዲስኮቹን በጆንያ ተሸክሞ ሲመለስ፣ መንገድ የዘጉት ወጣቶች አስቆሙት።

«ኦቦ፣ ኩን ማሊ?» አሉት፣ ይህ ምንድነው ብለው ጆንያውን እየጠቆሙ።

«የካምቢዮ አንጀት ነው።»

«መኪናውስ?»

«ቤት ተኝታ ትጠብቀኛለች።»

ሳቁና አሳለፉት።

ዲስኮቹን ዘይት ውስጥ አሳድሮ ገጠማቸው። ኮሮላዋ ሄደች። አንድ ሳምንት አመላለሳት፤ ምንም አልሸተተችም።

መንገዱ በተከፈተ ማግስት ሸምሰዲን ኮሮላዋን እየነዳ ተክሉ ጋራዥ ገባና ሁለት የከሰሉ ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ይሄ ያንተ፣ ይሄ የኔ። ሁለታችንም በደረቁ ነው የገጠምነው።»

«አንተም አቃጥለሃላ!» ተክሉ ሊስቅ ሞከረ።

«አቃጥያለሁ። የራሴን። ደግሞ በሰው እግር አላሳበብኩም።»

ቪትዝ መኪናዋ ክሪክ ላይ የቆመችባት ደንበኛ ወደ ተክሉ ዞረች። «የኔንስ ዘይት ውስጥ ነክረኸዋል?»

ተክሉ ጨርቅ አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። «ወንድሜ፣ ቤትህ የት ነው?» አለችው ሸምሰዲንን።

ሸምሰዲን ነገራት፤ ጮክ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።