ወይዘሮ ጄሶ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ እኔና አባቴ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል እንኖር ነበር። ሱቁ የአባቴ ታላቅ ወንድም የጋሼ ላምቦሬ ነበር፤ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን እየጠገነ ይሸጥበታል። አንድ ቀን ከአንድ ያረጀ ትልቅ ቤት ከገዛቸው ወንበሮችና ቁም ሣጥኖች ጋር አንዲት የጄሶ ሴት ይዞ መጣ። ከደረቷ በላይ ብቻ ነች፤ ጸጉሯ ማጅራቷ ላይ ተጠቅልሎ፣ ደረቷ ላይ ዳንቴል ተቀርጾ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ትንሽ ተሸርፎ። ሻጮቹ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረች የአውሮፓ መኳንንት ወገን መሆኗን እንጂ ስሟን አያውቁም። ጋሼ «ወይዘሮ ጄሶ» አላት፤ በዚያው ጸናላት።

ያኔ መብራት በየሰፈሩ በተራ ይጠፋ ነበር። በብርድ ወራት፣ ገና ሲመሽ፣ ጋሼ ፋኖስ ያበራና የከሰል ማንደጃውን ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል። የፍሙ ቅላት ነጭ ፊቷ ላይ ሲወዛወዝ የምትተነፍስ ትመስለኝ ነበር፤ እሱም የእሷን ተረት ይጀምርልኛል። ንጉሥ ግብር ጠርቷት ጫማዋ ቢጠፋባት በባዶ እግሯ የሄደች፣ በግራ እጇ የምትጽፍ፣ ስትቆጣ መናገር ትታ የምታንጎራጉር ሴት ነበረች።

እናቴን አላስታውሳትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የሞተችው። ፎቶዎቿም ዳቬይተን በሚባል ሰፈር የነበረው የአባቴ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ተዘርፎ በተቃጠለ ቀን አብረው ነደዱ። አባቴ ስሟን አያነሣም፤ እኔም መጠየቅ እንደሌለብኝ ማንም ሳይነግረኝ አውቄ ነበር።

አንድ ምሽት ጋሼ፣ «ንጉሡ ፊት ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ከፍታ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሳቀች» አለ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

«እንደዚያ አትስቅም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

«ማን?» አልኩት።

አጠገቤ መጥቶ ያልተጠገነ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እናትሽ። አጎትሽ የሚያወራልሽ ሁሉ የእሷ ነው።»

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«ንጉሡና የጠፋው ጫማ የእኔ ፈጠራ ናቸው» አለ ጋሼ ፍሙን እየቆሰቆሰ። «ሌላው እውነት ነው።»

ጥቂት ቆይቶ መብራቱ መጣ። አባቴ ተነሥቶ ማብሪያውን አጠፋና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከዚያም ከእናቴ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ያወራልኝ ጀመር።

ወይዘሮ ጄሶን በዓመቱ አንዲት አሮጊት ገዟት። አባቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ቀበቶ አሰረላት። እኔ አላለቀስኩም፤ ያኔ ስለ እናቴ የምጠይቀው ሰው ነበረኝ።

ጋሼ ላምቦሬ ከእናቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ኖሯል። ሳቋን ሊሳሳት አይችልም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ወንድሙ እንዲያርመው ብሎ የተሳሳተ ይመስለኛል። ጠይቄው ግን አላውቅም።