የትኛው ፓና?

ዘመናይ ስዊድንኛን የተማረችው ከሰው ገላ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በየአዛውንቱ ቤት እየዞረች ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ጉልበቱንም ጉሮሮውንም ግንባሩንም በስሙ እየጠራች ነው ቋንቋው የገባት።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ባሏን ብርሃነ ሥላሴን ሳንባውን አመመው። ከሆስፒታል በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሚኖሩባት የስዊድን ከተማ ኡፕላንድስ ቬስቢ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ሆና ሳለ ቤታቸው ቀዘቀዘ። ግድግዳው ላይ ያሉት የማሞቂያ ብረቶች በረዶ ሆኑ።

እሱን የምትከታተለው ነርስ ደውላ ይህን ስትሰማ፣ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ። ቤቱ ካልሞቀ እዚያ ልንተዋቸው አንችልም፤ ወደ አረጋውያን ቤት ይሄዳሉ» አለቻት። ዘመናይ እነዚያን ቤቶች ታውቃቸዋለች፤ ሰው ሲገባባቸው እንጂ ሲወጣ አላየችም። እሱም «ሞቴን ከዚሁ ከቤቴ አድርጊልኝ» ብሎ አስምሏታል።

ውኃ አሙቆ ወደ ብረቶቹ የሚልከውን፣ ምድር ቤት ያለውን ቦይለር ሃያ ዓመት የነካው እሱ ብቻ ነው። «አንቺ ሽማግሌዎችሽን እጠቢ፤ ይሄን ሽማግሌ ለእኔ ተዪልኝ» እያለ ያሾፍባት ነበር። አሁን ግን አንድ ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል።

ማሞቂያ ጥገና ቤት ደወለች።

«ፓናው ሞቃት ነው?» አላት ሰውዬው።

ፓና በስዊድንኛ ግንባር ነው። ይሄንንማ ስንቱን ግንባር ዳብሳ ታውቀዋለች። ደግ ሰው፣ በሽተኛ አለብኝ ብትለው ስለ በሽተኛው ጠየቃት! ሮጣ የባሏን ግንባር ዳበሰች።

«ኧረ በረዶ ነው!»

«እንግዲያው ማብሪያውን አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪው።»

ምድር ቤት ወርዳ አጠፋች፣ አበራች።

«አሁንስ? ፓናው ሞቀ?»

ደረጃውን ወጥታ ዳበሰች። «ያው ነው!»

ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተመላለሱ በኋላ ሰውዬው «በቃ፣ ተቃጥሏል። መለዋወጫው ሐሙስ ይመጣል» ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ! ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እሱ እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች።

«አንቺ...» ብሎ ጠራት ብርሃነ ሥላሴ። «ምን ሆነሽ ነው... ግንባሬን... እንደ ሐብሐብ የምትዳብሺው?»

«ሰውዬው ፓናው ሞቀ ወይ ቢለኝ ነዋ!»

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አመመው ብላ ደነገጠች፤ ሳቅ ነው።

«የእኔን አይደለም... የቦይለሩን! ቦይለርም... ስሙ ፓና ነው!»

በእነሱ ቤት ቦይለር ቦይለር ነው። ስዊድኖቹ እሱንና ግንባርን በአንድ ቃል እንደሚጠሩ ማን ነግሯት!

ወርዳ መዳፏን ብታሳርፍበት ፈጃት። «ይፋጃል!» እያለች ወደ እሱ ተመልሳ ወጣች።

«እንግዲያው... አልተቃጠለም። አየር ገብቶ... ውኃው አልዞር ብሎ ነው። የግፊት መለኪያዋ መርፌ... የት ነች?»

«ዜሮ አጠገብ!»

«አጥፊው። ከሥሩ ያለውን የውኃ መሙያ ቧንቧ ክፈቺ... አንድ ተኩል ስትደርስ ዝጊ። ከዚያ ቁልፏን... ቀይ ክር ያላትን...»

ወርዳ እንዳላት አደረገች። ቁልፏን ከበሩ ኋላ ተሰቅላ አገኘቻት። ከአልጋው አጠገብ ያለው ብረት ጫፍ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አዞረች። አየሩ እያፏጨ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ፤ በመጨረሻ ጥቁር ውኃ እጇ ላይ ተረጨ። ዘጋች። ሌሎቹንም እንዲሁ አደረገች። መርፌዋ ወረደች፤ ሄዳ ውኃ ጨመረች፤ አበራች። ወጣች፣ ወረደች።

ብረቱ እንደ ሰው ሆድ ጮኸ። ለብ አለ። ሙቀት መለኪያው ከአሥራ ሁለት ተነሥቶ አሥራ ሰባት ሲደርስ የበሩ ደወል ጮኸ።

ነርሷ ወደ በሽተኛው ገባች። ዘመናይ እጇ ላይ ያለውን ጥቁር ውኃ እየታጠበች ሳለ ድምፅዋን ሰማች፦

«ፓናው ሞቋል።»

«አዎ! ሞቀ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞቀ!» እያለች እጇ እንደራሰ ሮጠች። ነርሷ ግን የብርሃነ ሥላሴን ግንባር ይዛ ነው ያገኘቻት። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነበር።

አምቡላንስ መጣ። በቃሬዛ ሲያወጡት እጇን ያዘ።

«ዘመናዬ... እንዳታጠፊው።»

«አላጠፋውም። ስትመለስ ሙቅ ነው።»

በሩ ሲዘጋ ምድር ቤት ወረደች። መርፌዋ አንድ ተኩል ላይ ናት። እጇን ቦይለሩ ላይ አሳረፈች፤ እንደ ሰው ግንባር፣ ቀስ ብላ።