ከኖራው መስመር ወዲህ

አብዱናስር ጎሚስታ ነው። ከጭሮ ወደ ሂርና በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ የጫት መኪኖችን ጎማ ሲጠግን ዕድሜው ሄዷል። ይህ ሰው ለወጣቶች ቀስት ያስተምራል ሲሉኝ፣ ጎረቤቱ ሆኜ እንኳ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቀስትና ፍላጻ አምጥቶ እሱን ጨምሮ ጥቂት ሰዎችን አሠለጠነና ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሄደ። ሌሎቹ ሠልጣኞችም ተበተኑ። የወጣት ማዕከሉ መጋዘን ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ዕቃው እሱ ሱቅ ተቀምጦ ቀረ። ሰው የሚወደውን ነገር መርጦ የወደደ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ግን ዝናብ ነው ያስጠጋብን።

ልምምዱን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አደረገው፤ ከተማው ጫት ሊቅም በርጫ ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ሆን ብሎ። ልጆቹ ከጫቱ ፍራሽ ይልቅ እሱ ዘንድ ይዋሉ ነው ሐሳቡ። ከማዕከሉ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ በኖራ መስመር ያሰምራል። ፊሽካው ሳይነፋ ፍላጻ የሚነካ የለም። ተወርውሮ ሲያልቅ ቀስቱ ሁሉ መሬት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፍላጻ ለመልቀም ይኬዳል፣ እሱም በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይደለም። የሴቶቹ ሻሽ ጫፉ ይጠቀለላል፤ ለክንድ መከላከያ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ሰፍቶላቸዋል። ልጆቹ ታዲያ «ኦቦ ፊሽካ» ይሉታል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ኢላማው የሚለጠፈው ከማሽላ አገዳ በተሠራ ክምር ላይ ነው። አገዳው ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚታሰር ፍላጻውን ይዞ ያስቀረዋል። ከክምሮቹ ኋላ ወደ ገበያ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ቀይ ጨርቅ ያሰረበት ገመድ ቢወጥርበትም፣ ጫቱ ሳይጠወልግ መኪና ላይ ለመድረስ የሚጣደፍ ተሸካሚ በገመዱ ሥር ሾልኮ ያልፋል። እንግዲህ በዚያ መንገደኛና በፍላጻው መካከል የነበረው ያ አገዳ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዱናስር ሁልጊዜ ከመጀመሩ በፊት ክንዱን ከኋላ በኩል በየክምሩ ውስጥ ይሰዳል፤ ክንዱ ከገባ አይወረወርም።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፤ አገዳውም ለከብት የሚሰጥ የመጨረሻው ነገር ሆነ። ከቦኬ ድረስ ሰው በአህያ ይዞ መጥቶ እንደ እህል ይሸጠው ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሜዳው ለጫት መጫኛ ይሰጥ የሚል ወሬ መጣ። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ወጣት ሠራተኛ ጌዲዮን ክፉ ልጅ አይደለም፤ አንድ መውጫ አገኘለት። ቀስት የሚለማመዱ የሂርና ወጣቶች ለውድድር ይጋበዙ፣ ኃላፊዎች መጥተው ይዩ፣ ሜዳው ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ ይተርፋል አለው። አብዱናስር ወሩን ሙሉ ስለዚያ ቅዳሜ ብቻ ሲያወራ ከረመ። ተስፋ የሚያደርግ ሰው ደስ አይለኝም፤ ምን እንደሚጠብቀው እያወቁ ማየት ያደክማል።

ቀኑ ደረሰ። የሂርናዎቹ ከሚኒባስ ወረዱ፣ ኃላፊዎቹ ወንበር ያዙ። ዘይቱናም ጥላ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ላም ያላት ጎረቤታችን ናት፤ ልጇ ዩስራ ከሁሉም የተሻለች ወርዋሪ ነበረች። አብዱናስር እንደ ልማዱ ወደ ክምሮቹ ሄዶ ክንዱን ሰደደ። ክንዱ እስከ ትከሻው ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ከኋላ ግን ተቦርቡረዋል።

ጌዲዮን ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ይሁን። እንግዶቹ እኮ ተቀምጠዋል» አለው።

«እሺ፤ አንተ ከኋላ ቁምልኝና እንጀምር።»

የሂርና ልጆች ሳቁ። ጌዲዮን አልሳቀም፤ ወደ ወንበሮቹ አየ። የተረፈውን ሁሉ ወደ አንድ ክምር ሰበሰቡት፤ አንዱንም አልሞላ። ጎማ ደርድር የሚለው አልጠፋም፤ አብዱናስር ግን ፍላጻ ከጎማ ነጥሮ ወደ ወርዋሪው እንደሚመለስ ቀድሞ ሞክሮ አይቶታል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ቤቶች አሉ።

ይሄኔ ዘይቱና ተነስታ መጣች። ድምፅዋ ለእኔ ለቅርቡ እንኳ በጭንቅ ነው የተሰማኝ።

«ፊቱን ወላሂ አልነካሁም፤ ልጆቹ የሚወጉት ፊቱን አይደል? ለእነሱ ብዬ ነው ከኋላ የወሰድኩት።»

ዩስራ ቀስቱን ይዛ እናቷን አየቻት። ከዚያ መሬት አስቀመጠችው፣ ልክ እንደተማረችው፣ ቀስ ብላ።

ብዙ አስቤበታለሁ። ያቺ ሴት ሌባ አልነበረችም፤ ለላሟም ለልጆቹም ያዘነች ናት፣ ያገኘችው አገዳ ግን ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነበር። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ የምንቆጣው ሰው እናገኝ ነበር።

አብዱናስር ምን እንደሚላት ጠበቅሁ። «አዎ አዴ ዘይቱና፣ ፊቱን ነው» አላት። ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋ፣ ያ ማቆሚያው ነው። ኃላፊዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ሄዱ። የሂርና ልጆችም በመጡበት ሚኒባስ ተመለሱ። ማምሻውን አብዱናስር የክምሮቹን ማሰሪያ ፈትቶ የቀረውን አገዳ ተሸክሞ ዘይቱና ደጃፍ አራገፈው። ላሟ ጥቂት ቀን በላች። ዝናቡ ሳይመጣ ለሥጋ ተሸጠች።

አሁን ሜዳው ላይ የጫት መጫኛው ቆሟል። ዩስራ እዚያው ጫት ታስራለች፤ እጇ ፈጣን ነው ይሏታል። ቀስቶቹ ገመዳቸው ተፈትቶ በአብዱናስር ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ተቀምጬ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ አየር ከመሙላቱ በፊት ኖራ አምጥቶ መሬቱ ላይ መስመር አሰመረ፤ ጎማ ሲፈነዳ ሰው ይገድላልና። ሹፌሩ ጫቱ እየጠወለገ ነው ብሎ መስመሩን አልፎ መጣ። አብዱናስር የአየሩን ቧንቧ እንደያዘ ሳይከፍተው ቆመ።

«ኧረ ኦቦ፣ አንተ ደግሞ!» እያለ ሹፌሩ በመጨረሻ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጎማው ተሞላ። መኪናው ሲነሳ መስመሩን ረግጦት ሄደ።